መውጫ የሌለው ሐይቅና የከተማ ፍሳሽ

(ምስል፦ የደቡብ ወሎው ሐይቅ ከኮረብታ ላይ ሲታይ)

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ከተኛው ውኃ ነው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። ስለ ፍሳሽ ለማስረዳት የመረጥነው ግን ከዙሪያው ኮረብቶች ውኃ እየገባበት፣ ፈስሶ የሚወጣበት ወንዝ ስለሌለው ነው። ጣና የገባበትን ለዓባይ ያወርዳል። ከዚህ ሐይቅ ግን ብዙው ውኃ የሚሄደው በትነት ነው፤ የሚተነው ውኃም የሟሟበትን ሁሉ ለሐይቁ ትቶ ይሄዳል።

(ምስል፦ ክዳኑ የተነሣ ሴፕቲክ ታንክ)

አብዛኞቹ አነስተኛ ከተሞቻችን የፍሳሽ መስመር ስለሌላቸው፣ ማጣሪያው የሚጀምረው ከየግቢው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ከሴፕቲክ ታንኩ፣ ነው። ይህን ታንክ ቀረብ ብለን ስናየው ከላይ የጠጠረ ቅባት፣ ከመካከል ግራጫ ውኃ፣ ከታች ጥቁር ዝቃጭ ይታያል። ታንኩ ጠጣሩን ያዘቅጣል እንጂ ግራጫውን ውኃ አያጠራም፤ ያንን የሚያጠራው ውኃው የሚሰርግበት አፈር ነው። የከርሰ ምድር ውኃ ለመሬት ቅርብ በሆነበት በሐይቅ ዳርቻ ግን አፈሩ ሥራውን ሳይጨርስ ፍሳሹ ከውኃው ይደባለቃል።

ከፍሳሹ ጋር የሚገባው ጀርም ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም ፎስፈረስ ያስወግዳል፤ 10 ሺህ ነዋሪ ባለበት ከተማ ይህ በቀን ከ10 እስከ 20 ኪሎ ይሆናል። ለማሳ ማዳበሪያ የሚሆነው ይህ ንጥረ ነገር በሐይቅ ውስጥ አልጌን ያፋፋል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስም ቀረሶ የሚባለው ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

(ምስል፦ ሦስት ተከታታይ ኩሬዎች)

ለእንዲህ ዓይነት ከተማ የሚስማማው፣ በእኔ እምነት፣ ብዙ ኤሌክትሪክና ውድ መለዋወጫ የማይጠይቀው የኩሬ ማጣሪያ ነው። የመጀመሪያው ኩሬ ከ2 እስከ 5 ሜትር ይጠልቃል፤ አየር በሌለበት ግርጌው ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ሲበሉ ጋዙ ከሥር እየተንቦቀቦቀ ይወጣል። በሁለተኛው፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ በሚጠልቀው ኩሬ፣ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታል፣ ባክቴሪያውም በዚያ ኦክስጅን የቀረውን ቆሻሻ ያብላላል፤ ስለዚህ ይህ ኩሬ አረንጓዴ ሆኖ መታየቱ ጤናው ነው። ጥልቀት በሌለው በመጨረሻው ኩሬ ውኃው ለቀናት ሲቆይ ፀሐይዋ ጀርሞቹን ትገድላለች። ከባድ የሆኑት የወስፋት እንቁላሎች ደግሞ በየኩሬው ወለል ላይ ይዘቅጣሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ኩሬዎቹ ፎስፈረሱን እምብዛም አይቀንሱትም። ጀርሙ የጠፋለት ውኃ መልሶ ወደ ሐይቁ ከተለቀቀ፣ መውጫ በሌለው ውኃ ላይ የሚጠራቀመው ማዳበሪያ ያው ነው። ስለሆነም የማጣሪያው ቦታ ሲመረጥ በአቅራቢያው የከብት መኖ ወይም የማገዶ ዛፍ የሚለማበት መሬት አብሮ መታሰብ አለበት፤ ውኃው ወደዚያ ቢጠለፍ ሣሩና ዛፉ ፎስፈረሱን ይወስዱታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለመስኖ የሚውል የፍሳሽ ውኃ በሊትር ከ1 የበለጠ የወስፋት እንቁላል እንዳይኖርበት ይመክራል።

(ምስል፦ መጣጭ መኪና ዝቃጭ ሲያራግፍ)

ከየቤቱ በመጣጭ መኪና የሚመጣው ወፍራም ዝቃጭ በቀጥታ ወደ ኩሬዎቹ ቢደፋ በጥቂት ጊዜ ይሞላቸዋል። ማረፊያው አሸዋና ጠጠር የተነጠፈበት ማድረቂያ መደብ ነው፤ ውኃው በአሸዋው ወርዶ ወደ ኩሬው ሲሄድ ዝቃጩ ከላይ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያም በአካፋ ይነሣል። የወስፋት እንቁላል በደረቀ ዝቃጭ ውስጥ እንኳ ለረጅም ጊዜ ስለማይሞት፣ የተነሣው ዝቃጭ ዝናብ በማይነካው መጠለያ ሥር ከዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ለዛፍ ሥር ይውላል።