የቄሣር ሰይፍ በማን እጅ ገባ?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ! ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሮምን ብዙዎቻችን የምናውቃት በሰማዕታት ገድል ነው፤ በአሳዳጆቹ ቄሣሮች፣ በእነ ዳኬዎስ፣ በእነ ዲዮቅልጥያኖስ። አሳድዳለች፣ እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ስደቱ ካለፈ በኋላ የሆነው ነው።

በ250 ዳኬዎስ የግዛቱ ነዋሪ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። ሰው በአካባቢው ሹማምንት ፊት ይቀርባል፣ ይሠዋል፣ ከመሥዋዕቱ ይቀምሳል። ከዚያ ማረጋገጫ ይፈርሙለታል። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 በላይ ግብፅ ውስጥ ተገኝተዋል። በአንዱ ላይ ባለቤቱ የ72 ዓመት ሰው መሆኑ፣ ቀኝ ቅንድቡ ላይም ጠባሳ እንዳለው ተጽፏል። እስቲ አስቡት፤ መንግሥት ጠባሳህን መዝግቦ እምነትህን ሲቆጣጠር!

ጉቦ ሰጥተው፣ ሳይሠዉ ወረቀቱን ያወጡ ክርስቲያኖችም ነበሩ። ስደቱ ጋብ ሲል ታዲያ ጭቅጭቁ ተነሣ። በሮም ኖቫቲያን የተባለ ቄስ የካዱትን ቤተ ክርስቲያን መልሳ መቀበል የለባትም አለ። በሰሜን አፍሪካ የካርቴጅ ከተማ ጳጳስ ቆጵርያኖስ ግን በንስሐ ይመለሱ ብሎ ጉባኤ ጠራ። እኔ ልቤ ከቆጵርያኖስ ጋር ነው።

በ313 ሁለቱ ቄሣሮች ቆስጠንጢኖስና ሊኪንዮስ የእምነት ነፃነት ሰጡ። በ325 ጳጳሳቱ በመንግሥት ሠረገላና የጭነት ከብት ለጉባኤ ኒቅያ ገቡ። ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ችግሩ የመጣው ቄሣር በእምነት ጉዳይም ልዘዝ ሲል ነው። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንትዮስ የማይወዳቸውን ጳጳሳት ከመንበራቸው ያሳድድ ነበር። በ356 ገደማ የእኛን አባ ሰላማ ፍሬምናጦስንም ወደ እስክንድርያ እንዲልኩለት ለኢዛናና ለሳይዛና ጻፈ። ግን ልብ በሉ፣ አክሱም ግዛቱ አይደለችም። ስለዚህ “ወንድሞቼ” ብሎ መጻፍ ነበረበት።

በግዛቱ ውስጥ ያሉት እንዲህ ያለ ዕድል አልነበራቸውም። ጵርስቅልያን የተባለ የስፔን ጳጳስ በ385 ገደማ ትሪየር ከተማ ውስጥ አንገቱን ተቀላ። ክሱ ጥንቆላ ነበር። ከሳሾቹ ጳጳሳት፣ ገዳዩም ክርስቲያን ንጉሥ። የቱር ከተማ ጳጳስ ማርቲን “ደም አይፍሰስ፣ የጳጳሳት ፍርድ ይበቃል” ብሎ ለምኖ ነበር። ንጉሡም እሺ አለው። ማርቲን ከከተማው ሲወጣ ግን ንጉሡ ቃሉን አጠፈ። ከዳኬዎስ አዋጅ እስከዚህ ቀን ያለው 135 ዓመት ብቻ ነው!

ነገሩ በሮም መንግሥት ውድቀት አላበቃም። በ1199 የሮሙ ጳጳስ ኢኖሰንት 3ኛ ከጥንቱ የሮም ሕግ ተበድሮ ኑፋቄን በንጉሥ ላይ ከሚፈጸም ክህደት ጋር አመሳሰለው። የመናፍቁ ንብረት ይወረሳል። ልጆቹም፣ እምነታቸው የቀና ቢሆን እንኳ፣ ከውርስ ይነቀላሉ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።