ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ኳሱን ማን ይይዛል?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ቤዝቦል ላወራችሁ ነው። በተለይ ስለ ፒቸሮች፣ ኳሱን ለመቺው ስለሚወረውሩት ሰዎች።

2019 ላይ ዋሽንግተን ማታ ማታ ታክሲ እነዳ ነበር። የከተማዋን ቡድን፣ የናሽናልስን ጨዋታ የምከታተለው በመኪናዬ ሬዲዮ ነው። ቡድኑ አጀማመሩ አያድርስ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸነፈ። ፒቸር አጥቶ ግን አይደለም። ማክስ ሸርዘር አለ፣ ስቲቨን ስትራስበርግ አለ፣ ፓትሪክ ኮርቢን አለ። ጣጣው የሚመጣው እነሱ ደክመው ሲወጡ ነው። ተቀያሪዎቹ፣ ቡልፔን የሚባሉት፣ በ9 ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች፣ ሲሰላ ከ5 ነጥብ በላይ ይሰጡ ነበር። ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ እየመራን ነው፤ ስምንተኛው ላይ ሬዲዮውን አጠፋዋለሁ። ያናድዳል።

ብዙ ሰው ፒቸርን የሚመዝነው በኢ.አር.ኤ. ነው። ተከላካዮች ሳይሳሳቱ፣ በ9 ኢኒንግ ስንት ነጥብ ሰጠ ማለት ነው። ጥሩ መለኪያ ነው። ተቀያሪ ላይ ሲደርስ ግን ያታልላል። ለምን መሰላችሁ? አንድ ፒቸር ቤዝ ላይ፣ ማለትም ሯጩ ነጥብ ለማስቆጠር በሚያልፍባቸው ማረፊያዎች ላይ፣ የተጋጣሚ ሰው ትቶ ከወጣ፣ ያ ሰው ዞሮ ሲገባ ነጥቡ የሚጻፈው በወጣው ላይ ነው። ኳሱን ያስመታው ተቀያሪ ከዚያ ነጥብ ነጻ ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ተቀያሪው ቤዝ ላይ ካገኛቸው ሰዎች ስንቱን አስገባ የሚለውን ነው። ቀጥዬ ስትራይክአውቱን (መቺውን ኳስ ሳያስነካ ያስወጣበትን) እና በነጻ የለቀቃቸውን (አራት መጥፎ ኳስ ወርውሮ ወደ ቤዝ ያሳለፋቸውን) አያለሁ። እነዚህ ላይ የተከላካይ እጅ የለበትም።

ጀማሪዎቹን፣ ጨዋታውን የሚከፍቱትን ፒቸሮች፣ ደግሞ በኢኒንግ ብዛት ነው የማያቸው። ስትራስበርግ በዚያ ዓመት 209 ኢኒንግ ወረወረ፣ ኮርቢን 202። እነሱ በቆዩ ቁጥር ቡልፔኑ የሚጋለጥበት ጊዜ ያጥራል።

ከዚያ የዋንጫው ፍጻሜ፣ ወርልድ ሲሪስ መጣ፣ ከሂዩስተን ጋር። በወረቀት ካያችሁት እነሱ ይበልጣሉ። ጀስቲን ቨርላንደር 300 ስትራይክአውት፣ ጌሪት ኮል 326። ዛክ ግሪንኪም አለ።

ኦክቶበር 30፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ። ሸርዘር ከሦስት ቀን በፊት አንገቱ ተይዞ መጫወት አልቻለም ነበር። ያን ማታ ግን እየተንገዳገደም ቢሆን አምስት ኢኒንግ ቆየ። 2 ለ 0 እየተመራን ነው። ስድስተኛው ላይ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ኮርቢን! ጀማሪው ኮርቢን። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ያንን የሚያስፈራ ቡልፔን በጀማሪ ሸፈነው። ኮርቢን ሦስት ኢኒንግ ወርውሮ አንድም ነጥብ አልሰጠም።

በዚያ በኩል ግሪንኪ ድንቅ እየወረወረ ነበር። ሰባተኛው ላይ የኛ ሬንዶን ሆምረን፣ ከሜዳ ወጥቶ ነጥብ የሚያስገኝ ምት፣ መታበት፣ ሶቶን በነጻ ለቀቀ። 80 ኳስ ብቻ ወርውሮ አወጡት። ተቀያሪያቸው ዊል ሃሪስ ገባ። የኛ ሃዊ ኬንድሪክ መታው፤ ኳሷ ሄዳ የቀኙን ምሰሶ ጠረቀችው፤ ይህም ሆምረን ነው፣ መራን። የሶቶ ነጥብ የተጻፈው ግን በግሪንኪ ላይ ነው። ኮል ደግሞ አንድም ኳስ ሳይወረውር ጨዋታው አለቀ።

እኔ መኪናዬን ጥግ አስይዤ፣ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር የማዳምጠው። ስምንተኛው ኢኒንግ መጣ። እጄ ሬዲዮው ቁልፍ ጋ አልሄደም። ዘጠነኛውን ዳንኤል ሃድሰን ዘጋው፣ 6 ለ 2።