ትራምፕና ፎክስ ኒውስ፦ እየመራ ያለ ሰው ክርክር ለምን ይቀራል?

[የመግቢያ ሙዚቃ]

ሰላም ሰላም! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ አሜሪካ ነን። ዶናልድ ትራምፕ በእጩዎች ክርክር ሰበብ ከፎክስ ኒውስ ቴሌቪዥን ጋር የተኮራረፈበትን ታሪክ ነው የማወራችሁ። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ ነው። የመጀመሪያው ኩርፊያ ሳያስከፍለው አልቀረም። ሁለተኛው ደግሞ ንክች አላደረገውም። ለምን? ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እያንዳንዱ ላይ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ።

ግን መጀመሪያ ሜክሲኮ ጎራ እንበል። አገሩን አይደለም። አጥር የማይታጠርበትን፣ የኛን ሜክሲኮ አደባባይ።

[ምስል፦ የታክሲ ሰልፍ]

ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። የጀሞ ሰልፍ ተጠማዝዞ ሕንጻውን ዞሯል። ተራ አስከባሪው ፊት ለፊት ቆሟል። ሚኒባስ ሲመጣ ያስጠጋል፣ ሰው ይጭናል፣ ወያላው ሳንቲሟን በመስኮት ያቀብለዋል፣ ቀጣይ! ኑሮው ይኸው ነው። ታክሲ ከመጣ ይበላል፣ ታክሲ ካልመጣ ጦሙን ያድራል።

አሁን አንድ ሚኒባስ አስቡልኝ። ይሄ ሚኒባስ ከለገሃር ሲነሳ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጠጋ ጠጋ በሉ የሚባልበት ቦታ እንኳ የለውም። ወያላው ራሱ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ይሄ ሚኒባስ ሜክሲኮ ሲደርስ ምን ሊያደርግ ይቆማል? ቢቆም ሰው አይጨምርም። ሊቀንስ ግን ይችላል! አንዱ "ወራጅ አለ" ይላል፣ ሌላው በሙቀቱ ይማረራል። ባዶዎቹ ታክሲዎች ደግሞ ዙሪያውን ይከቡትና ጎኑን ይጭሩታል። ስለዚህ ክላክሱን እየነፋ ያልፋል።

ተራ አስከባሪው ግን ይናደዳል። ፊሽካውን ይነፋል። የመኪናውን ጎን በጥፊ ያጮለዋል። ሹፌሩም በመስኮት ብቅ ብሎ ይሳደባል። ዳር ሆናችሁ ስታዩት ሁለቱ የተጣሉት በክብር ጉዳይ ይመስላችኋል። ኧረ በሂሳብ ነው!

ሚኒባሱ ትራምፕ ነው። ተራ አስከባሪው ፎክስ። ባዶዎቹ ታክሲዎች ሌሎቹ እጩዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ሹፌርና ወያላ ብቻ ነው የያዙት፣ ስም አልጠራም። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ሚኒባሱ በእርግጥ ሞልቷል ወይስ አልሞላም? የዛሬው ቪዲዮ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እዚህ ጋ አድርጉ፣ ታክሲውም ሳይሞላ።

[ምስል፦ ክሊቭላንድ፣ 2015]

ኦገስት 6፣ 2015። ክሊቭላንድ። የሪፐብሊካኖች የመጀመሪያ ክርክር፣ አሥር እጩ መድረክ ላይ። አዘጋጁ ፎክስ ኒውስ። 24 ሚሊዮን ሰው አየው። በኬብል ቴሌቪዥን፣ ስፖርት ሲቀር፣ እስከዚያ ቀን ይህን ያህል ሰው ያየው ነገር አልነበረም። ለምን አየው? ለጄብ ቡሽ ብሎ ነው? አይመስለኝም።

ከጠያቂዎቹ አንዷ ሜጊን ኬሊ ነበረች። ሴቶችን አሳማ፣ ውሻ እያልክ ትሳደባለህ፣ ይሄ የፕሬዚዳንት ጠባይ ነው ወይ ብላ ትራምፕን አፋጠጠችው። ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ "ሮዚ ኦዶኔልን ብቻ!" ብሎ (ኮሜዲያኗን ማለቱ ነው) አዳራሹን አሳቀ። ግን ቂም ያዘ። በማግስቱ ሲኤንኤን ላይ ስለ ኬሊ የተናገረውን እዚህ አልደግመውም፣ ከቤተሰብ ጋር ሆኖ የሚያይ አለ።

ወደ ጃንዋሪ 2016 እንዝለል። የፓርቲው እጩ ምርጫ የሚጀመርባት የአዮዋ ግዛት ድምፅ ልትሰጥ ቀናት ቀርተዋል። ፎክስ እዚያው አዮዋ፣ ዴሞይን ከተማ ክርክር ጠርቷል፣ ኬሊም አለችበት። ትራምፕ እሷ ትነሳ አለ። ፎክስ አይሆንም አለ። ትራምፕ ትዊተር ላይ "ልሂድ ወይስ ልቅር?" ብሎ ሕዝብ ጠየቀ። ይሄኔ ፎክስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሙድ ያዘበት! በመግለጫ! ይዘቱ ባጭሩ፦ ትራምፕ ፕሬዚዳንት ቢሆን የኢራኑ አያቶላና ፑቲን ሊበድሉት እንዳሰቡ በምስጢር ሰምተናል፤ እሱም ወደ ስብሰባው ልሂድ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ካቢኔውን በትዊተር ተከታዮቹ ሊተካ አቅዷል። የዜና ጣቢያ መግለጫ ነው እንግዲህ። ተራ አስከባሪው የመኪናውን ጎን ሲያጮለው ማለት ይህ ነው።

ትራምፕ ቀረ። ጃንዋሪ 28፣ ክርክሩ በሚካሄድበት ሰዓት፣ እዚያው ከተማ ድሬክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለቀድሞ ወታደሮች ገንዘብ ማሰባሰቢያ አዘጋጀ። 6 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ አለ፣ 1 ሚሊዮኑ ከኪሴ ነው አለ። ያቺ 1 ሚሊዮን የወጣችው ግን ከወራት በኋላ፣ ጋዜጠኞች ሲወተውቱት ነው። የዝግጅቱ ገንዘብ ነገር ደግሞ ቆይቶ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2019 የኒውዮርክ ዳኛ፣ በበጎ አድራጎት ድርጅቱ አሠራር ምክንያት 2 ሚሊዮን ዶላር ክፈል ብላዋለች። ይሄ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይወጣዋል።

ፎክስ ጋ ደግሞ 12.5 ሚሊዮን ሰው አየ። ከ24 ወደ 12.5! እርግጥ ሰባተኛው ክርክር ነበር፣ ሰውም ሰልችቶታል። ቴድ ክሩዝ ጀመረና "እኔ እብድ ነኝ፣ እዚህ ያላችሁት ሁሉ ደደብ፣ ወፍራምና አስቀያሚ ናችሁ፣ ቤን ካርሰን ደግሞ መጥፎ ሐኪም ነህ። በቃ የትራምፕን ድርሻ ጨረስን" ብሎ ቀለደ። እኔ ከዚያ ምሽት የማስታውሰው እሱኑ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ አዮዋ ድምፅ ሰጠ። ክሩዝ 27.6 በመቶ፣ ትራምፕ 24.3። ሁለተኛ ወጣ። አያችሁ? ሚኒባሱ አልሞላም ነበር! ከአራት ወንበር ሦስቱ ባዶ ሆኖ ነው ክላክስ እየነፋ ያለፈው። የተሸነፈው ክርክር ስለቀረ ብቻ ነው አላልኩም፣ ክሩዝ አዮዋ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሲዞር ነበር። ግን ሰው ገና እየመረጠ ሳለ መጥፋት አይጠቅምም።

[ምስል፦ ኮሜንቶች]

እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ባለፈው ፍንጭ ስሰጥ ኮሜንት ሳጥኑ በአንድ ጥያቄ ተጥለቀለቀ። "ክርክር ግዴታ አይደል እንዴ? እንዴት ዝም ተባለ?" አንድ ወንድማችን እንዲያውም "የምርጫ ቦርዳቸው ለምን አልሰረዘውም?" ብሏል።

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ አገር ለፓርቲዎች የመገናኛ ብዙኃን ሰዓት በሕግ ይደለደላል። የ1997ቱን ክርክር (ይሄ እንኳ በኛው አቆጣጠር ነው) ቤተሰብ ሁሉ ቴሌቪዥን ከቦ ያየው ሰው፣ ክርክር የምርጫው አንድ ክፍል ይመስለዋል። አሜሪካ ግን ግዴታ የሚባል ነገር የለም። የለም! ሕገ መንግሥቱ ስለ ክርክር አንዲት ቃል አይልም። የፓርቲ ክርክር ማለት ፓርቲውና የቴሌቪዥን ጣቢያው የሚደግሱት ድግስ ነው፣ የተጠራ ይሄዳል፣ ያልፈለገ ይቀራል።

ደግሞ ትራምፕ የጀመረው ነገርም አይደለም። ኬኔዲና ኒክሰን በ1960 አራት ጊዜ ተከራከሩ። ከዚያስ? 1964፣ የለም። 1968፣ የለም። 1972፣ የለም። እስከ 1976 ድረስ ድምፁ ጠፋ። ጆንሰን እየመራ ነበር፣ ለምን ልቁም አለ። ኒክሰን በ1960ው ክርክር ላብ በላብ ሆኖ ስለታየ ሁለተኛ አልሞክራትም አለ። እኔ ብሆንም አልሞክራትም።

እና በጣም የምወዳት ደግሞ የሬጋን ነች። ጃንዋሪ 1980፣ የት? ዴሞይን! ያው ከተማ! ሬጋን እየመራ ነበር፣ አማካሪዎቹ አትውረድ አሉት፣ ቀረ። አዮዋን ለጆርጅ ቡሽ፣ ለአባትየው፣ አስረከበ። ከዚያ ኒው ሃምፕሸር ላይ ሮጦ ወደ ክርክር ተመለሰ፣ "ይሄን ማይክሮፎን የከፈልኩበት እኔ ነኝ" ብሎ ጮኸ፣ አሸነፈ። ልክ እንደ ትራምፕ በ2016፣ ዴሞይን ላይ ቀርቶ አዮዋን አጣ፣ በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆነ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ማንም አይሰርዘውም። የሚሰርዘው ካለ ሕዝቡ ነው፣ እሱም ቶሎ ይረሳል።

[ምስል፦ ሚልዋኪ፣ 2023]

እሺ፣ ሁለተኛው ኩርፊያ። ቴክኒኩን በፍጥነት ልበለው፣ መቼም ታውቁታላችሁ። ክርክር ለመግባት ፓርቲው ያስቀመጠው መስፈርት፦ 40,000 ለጋሽ፣ በሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ቢያንስ 1 በመቶ፣ እና ያሸነፈውን እደግፋለሁ የሚል ፊርማ። ትራምፕ ሁለቱን ያለ ላብ ያሟላል፣ ፊርማውን ግን አልፈረመም። አለቀ።

ኦገስት 2023 ላይ የሲቢኤስ ጥናት ትራምፕን 62፣ ሁለተኛውን ዲሳንቲስን 16 በመቶ ሰጣቸው። 62! አሁን ሚኒባሱ ሞልቷል። የፎክስ አለቆች የትራምፕ ጎልፍ ክለብ ያለበት ቤድሚንስተር ድረስ ሄደው አብረውት እራት በልተው ለመኑት። እሱ ደግሞ ቅሬታው ምን ነበር? መጥፎ ፎቶዬን ታሳያላችሁ! አገጬ ወደኋላ የተሳበበትን፣ ብርቱካን የመሰልኩበትን! ብሎ ጻፈ። "ከዚያ ደግሞ ተከራከር ይሉኛል!" አለ። በስተመጨረሻ ሕዝቡ ማን እንደሆንኩ ያውቃል፣ አልከራከርም ብሎ ዘጋው።

ኦገስት 23፣ ሚልዋኪ ላይ ስምንት እጩዎች ቆሙ። ክርክሩ ሊጀመር 5 ደቂቃ ሲቀረው ግን ትራምፕ ከተከር ካርልሰን ጋር ያደረገው፣ አስቀድሞ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ላይ ተለቀቀ። ተከር ማለት በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ፎክስ ያባረረው አቅራቢ ነው! ፎክስ ስሜን አጠፋ ብሎ ለከሰሰው የምርጫ ማሽን ኩባንያ ለዶሚኒየን 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ሳምንት ሳይሞላው። የተባረረውን የተራ አስከባሪ ልጅ አሳፍሮ ተራውን ማለፍ በሉት።

"200 ሚሊዮን ሰው አየው" የሚለውን ግን አትመኑ። ኤክስ የሚቆጥረው ፖስቱ ስክሪን ላይ ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለ ነው። በአውራ ጣቷ ገፍታ ያለፈችውም ተቆጥራለች። ፎክስ ጋ የታየው 12.8 ሚሊዮን ግን ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው። በማግስቱ ትራምፕ አትላንታ እስር ቤት ገብቶ ፎቶ ተነሣ፣ ስለ ክርክሩ የሚያወራ ጠፋ።

እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። በ2016 ጠቡ እውነተኛ ነበር፣ ሰውየው ኬሊን ከልቡ ጠልቷት ነበር። በ2023 ግን ድርድር ነው። የታክሲው ምሳሌዬ የሚሰበረውም እዚህ ጋ ነው፦ ፎክስ የሚያሰልፈው ተመልካችና የትራምፕ ተሳፋሪ አንድ ሰው ነው። ፎክስ ጠንክሮ ቢሰድበው ሰልፉ ይበተናል፣ ትራምፕም ለዘላለም ቢያኮርፍ ያንን ሰልፍ ያጣል።

ማስረጃ? ጃንዋሪ 10፣ 2024። ሲኤንኤን ሁለቱን እጩዎች፣ ኒኪ ሄሊንና ዲሳንቲስን ያከራክራል። የት? ዴሞይን፣ ድሬክ ዩኒቨርሲቲ! ትራምፕ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ከተማ፣ የት ነበር? ፎክስ ላይ! የሚልዋኪውን ክርክር በመሩት፣ ባዶ ወንበሩን ባዩት በብሬት ቤየርና ማርታ ማካለም ፊት ተቀምጦ ጥያቄ ይመልሳል። ፎክስን 4.3 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው፣ ሲኤንኤንን 2.6 ሚሊዮን ገደማ። አዮዋን በ51 በመቶ ወሰደው።

ከዚያ ኒኪ ሄሊም ብልጥ ሆነች። ከእንግዲህ የምከራከረው ከትራምፕ ወይ ከባይደን ጋር ብቻ ነው አለች። ኤቢሲ ለኒው ሃምፕሸር ያዘጋጀውን ክርክር ሰረዘ፣ ሲኤንኤንም ተከተለ። ዲሳንቲስ ብቻውን ከማን ጋር ይከራከር?

በሚቀጥለው ቪዲዮ ካውከስ የሚባለውን ነገር እናያለን፣ ሰው በበረዶ ወጥቶ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ለምን እንደሚመርጥ። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ወንድሜ አንተም ጭምር። ቻው!