ለአንድ ጥርስ ስንት ይደርሳል?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የፊዚክስ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! በዚህ የአዳማ ሙቀት አዳራሹን ስለሞላችሁት አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ፍሪኩዌንሲ ኮምብ ስለሚባለው ሌዘርና ኃይሉን ስለማሳደግ ነው። ሙቀት ለሌዘርም ጠላት ነው፤ እመጣበታለሁ።

ፍሪኩዌንሲ ኮምብ አንድ ቀለም ብቻ አያወጣም። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ብዙ ቀጫጭን የብርሃን መስመሮችን በአንዴ ይለቃል። ጆን ሆልና ቴዎዶር ሄንሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ሥራ ጭምር ነው። ብርሃኑን በጋዝ ውስጥ ስናሳልፈው ሞለኪውሉ የሚስማማውን ጥርስ እየመረጠ ይውጣል። የጎደለውን አይተን የጋዙን ዓይነትና መጠን እናውቃለን።

ታዲያ ከፍተኛ ኃይል ለምን ያስፈልጋል? እስቲ አብረን እናስላ። 1 ዋት የሚያወጣ ሌዘር አለን እንበል። የጥርሶቹ ርቀት 100 ሜጋኸርዝ፣ ጠቅላላ ስፋቱ 10 ቴራኸርዝ ነው። ጥርሶቹ 100,000 ሆኑ ማለት ነው። ለአንዱ በአማካይ የሚደርሰው 10 ማይክሮዋት ብቻ! 1 ሚሊዋት የሆነች የሌዘር መጠቆሚያ እንኳ 100 እጥፍ ትበልጠዋለች።

ሌላም ጣጣ አለ። ለምሳሌ ሚቴን የተባለው ጋዝ ብርሃንን አጥብቆ የሚውጠው የሞገድ ርዝመቱ 3.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ሲሆን ነው። ጉልበተኞቹ የይተርቢየም ፋይበር ሌዘሮች (ይተርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር ባለበት ቀጭን የመስታወት ክር የሚሠሩት) ግን 1 ማይክሮሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ጨረሮችን ክሪስታል ውስጥ አገናኝተን ወደ ሚቴኑ ሰፈር እንወስዳቸዋለን። መንገድ ላይ ብዙው ይባክናል። ደግነቱ፣ የሁለቱንም ጨረሮች ኃይል በእጥፍ ብናሳድግ ውጤቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ። ፋይበር ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ሙቀቱን በጎኑ ያስወጣል። ችግሩ፣ ሌዘሩ የሚለቀው አጭር የብርሃን ምት በጠባቡ መሃል ታጭቆ ይበላሻል። መፍትሔው ምቱን አስረዝሞ ማጉላት፣ ከዚያ መልሶ ማሳጠር ነው። ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ ይህን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ኖቤሉ የመጣው በ2018።

ዋት ሲበዛ የሚደሰት ሰው ብዙ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን ኃይሉን የሚያሳድገው ማጉያ ምን ያህል ኖይዝ፣ ማለትም ልኬቱን የሚረብሽ መዋዠቅ፣ እንደሚጨምር ነው። ልኬቱ በኖይዝ ከተዋጠ 10 ዋትም ቢኖር ትርፉ ሙቀት ነው።

ላብራቶሪ ለምትገቡ አንድ ነገር ልጨምር። የ1 ማይክሮሜትር ብርሃን አይታይም፤ ስለዚህ ዓይን ደንግጦ አይጨፈንም። በዓይን ጀርባ እስካለችው ብርሃን ተቀባይ ሬቲና ድረስ ግን ይዘልቃል። መነጽራችሁ ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ ይሁን፤ የፀሐይ መነጽር አይሆንም።

አመሰግናለሁ፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።