«ምን ዘርተህ ነው በየወሩ የምታጭደው?»

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ክፍል ስለ ቤት ኪራይ እንደምናወራ ቃል ገብቼ ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዛሬ አልሆነልኝም። አባቴ የጡረታ አበሉን የተቀበለበት ቀን ነገር ከሁለት ሳምንት ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ዣንጥላውን ታውቁታላችሁ። በበጋም በክረምትም ከእጁ የማይለየውን ያንኑ ዣንጥላ ይዞ፣ እኔም እንደ ልማዴ ተከትዬው ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው ባንክ ስንሄድ፣ ታላቅ ወንድሙ ከቢቸና ጤፍ ይዞ መጥቶ ስለነበር አብሮን ተሰለፈ። አባቴ ፈርሞ ብሩን ከተቀበለ በኋላ፣ እንደ መምህርነቱ ዘመን ጣቱን በምላሱ እያራሰ ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ሲያበቃ፣ አጎቴ እጁን ትኩር ብሎ ተመልክቶ፣ ያለ ምንም ምፀት፣ «ለመሆኑ ምን ዘርተህ ነው በየወሩ የምታጭደው?» ሲል ጠየቀው።

አባቴም «4 ከመቶ» ብሎ መለሰ።

ሰልፈኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አጎቴ ግን አልሳቀም።

መልሱ ሐሰት አልነበረበትም። አባቴ በ2000 ዓ.ም. ጡረታ እስከወጣ ድረስ ከደመወዙ ይቆረጥ የነበረው 4 ከመቶ ሲሆን፣ መንግሥት 6 ከመቶ ይጨምርለት ነበር፤ ዛሬ መዋጮው 7 እና 11 ከመቶ ደርሷል። በአሁኑ የጡረታ አዋጅ 35 ዓመት ያገለገለ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ስለሚታሰብለት፣ የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 61.25 ከመቶ ያገኛል። የአባቴ አበል ግን የተሰላው በ2000 ዓ.ም. ደመወዝ ነው፤ አልፎ አልፎ ጭማሪ ቢደረግበትም፣ ዛሬ ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚገዛ ከእኔ ይልቅ አጎቴ ያውቃል፤ ሻጩ እሱ ነውና።

መዋጮው የሚጠራቀምበት የጡረታ ፈንድም ከዚሁ በሽታ አልዳነም። የሠራተኛው መዋጮ ለረጅም ዓመታት በአብዛኛው መንግሥት በሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ሲውል ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች ነበር። የ2014 ዓ.ም. አዋጆች በሌላ ኢንቨስትመንት ላይም እንዲውል በር ከፍተዋል፤ ደግ አድርገዋል፣ ነገር ግን የሽማግሌ ስንቅ ለኪሳራ ሲጋለጥ ማን ይጠየቃል? ምናልባት ፍርሃቴ የራሴ ቁስል ይሆናል፤ ቀድሞ የሠራሁበት ድርጅት በየወሩ 7 ከመቶ እየቆረጠ ገንዘቡን ወደ ፈንዱ ሳያስገባ እንደቆየ የሰማሁት ከወጣሁ በኋላ ነው። ተዉት፣ ይህን ከጀመርኩ አልጨርስም።

ወደዚያች ሰልፍ ልመለስ። «ስንቅ» ስል ነው ትዝ ያለኝ። አባቴ ደብረ ማርቆስ ሲማር በየወሩ ስንቁን በአህያ ጭኖ ያመጣለት የነበረው አጎቴ ነው፤ ራሱ ፊደል ሳይቆጥር ከሞፈሩ ጋር ቀረ። አባቴ ቢሞት እናቴ የአበሉን 50 ከመቶ ታገኛለች። አዋጁ ተተኪ የሚላቸው የትዳር ጓደኛን፣ ልጆችንና ወላጆችን ነው፤ ወንድም የለበትም። ሕጉን አልወቅስም፤ ወንድም ሁሉ ይግባ ቢባል የትኛው ፈንድ ይችለዋል? ደግሞስ አጎቴ መሬት አለው፣ ልጆች አሉት፣ እድር አለው እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ልጆቹ አዲስ አበባ እንደሆኑና መሬቱን የሚያርስለት ጎረቤት እንደሆነ ትዝ ይለኛል።

አባቴ ከባንኩ ስንወጣ ከብሩ ከፍሎ በወንድሙ ጋቢ ስር ሊያስገባ ሞከረ። አጎቴ እጁን ያዘውና «ይህ ድርሻዬ ከሆነ ቆጥረህ ስጠኝ፤ ካልሆነ ግን መልሰው» አለው። አባቴ መልሶ ኪሱ ከተተው። መናኸሪያ እስክንደርስ ማንም አልተናገረም፤ ዣንጥላው ባንክ መቅረቱን እንኳ ያስተዋልነው ማታ ነው።

ዛሬ ጠዋት አባቴ የሚቀጥለውን ወር ብቻውን እንደሚሄድ ነገረኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። አጎቴ ዘንድ ልደውል ስልኩን አንስቼ ነበር፣ ግን ምን ብዬ...