በአንዲት «እሺ» ላይ የተጣሉ ተመልካቾች

ክቡራትና ክቡራን፣ የፊልም ወዳጆች፣

አሁን አይተን የጨረስነው «ኢተርናል ሰንሻይን ኦፍ ዘ ስፖትለስ ማይንድ» የሚያልቀው በአንዲት ቃል ነው። ተጣልተው አንዳቸው የሌላውን ትዝታ ከአእምሯቸው ያስጠፉት ፍቅረኞች፣ ጆኤልና ክሌመንታይን፣ እንደገና ተገናኝተው ቆመዋል። ጆኤል «እሺ» ይላል፤ ክሌመንታይንም ሳቅና እንባ እየተናነቃት «እሺ» ትላለች። ፊልሙ በ2004 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ ተመልካች ለሁለት የሚከፈለው እዚህች ላይ ነው። እኛም እኮ ብዙ ዓይነት «እሺ» አለን። «እሺ ይበልጣል ከሺ» የተባለላት አለች፤ ሰው ለመሸኘት የምንላት «እሺ፣ ነገ» አለች፤ ሰልችቶን የምንወረውራትም አለች። የእነዚህ ሁለት ሰዎች የትኛዋ ናት?

መጀመሪያ የጊዜውን ቅደም ተከተል እናስተካክል፤ ግማሹ ክርክር የሚነሳው ከእሱ ነውና። ፊልሙ 108 ደቂቃ ይረዝማል። የሠሪዎቹ ስም ስክሪኑ ላይ የሚመጣው 17 ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ የምናየው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በብርዱ ወራት በኒው ዮርክ ግዛት ባለው በሞንቶክ ባሕር ዳርቻ ተያይተው ባቡር ላይ ሲግባቡ ነው። የፍቅራቸው መጀመሪያ ይመስላል፤ ግን ጆኤል ትዝታው በተጠረገ ማግስት ነው። ግራ የገባችሁ ካላችሁ የክሌመንታይንን ጸጉር ተከተሉ። አረንጓዴ ሲሆን በእውነት የተዋወቁበት ጊዜ ነው፤ ቀይ ሲሆን ፍቅሩ ሞቋል፤ ብርቱካናማ ሲሆን ጭቅጭቁ ገብቷል፤ ሰማያዊ ሲሆን እሷ እሱን አስጠፍታ ጨርሳለች።

አንዲት ትንሽ ነገር ላሳያችሁ። ባቡሩ ላይ «በስሜ እንዳትቀልድ» ስትለው ጆኤል ቀልዱ ምን እንደሆነ አያውቅም። በድሮው ትዝታው ውስጥ ግን ስሟን እንደሰማ ከልጅነቱ ካርቱን የሚያውቃትን ዘፈን ያነሳል። ማሽኑ እሷን ሲነቅል ከስሟ ጋር የተጣበቀችውን ዘፈንም አብሮ ነቅሏታል። ለእኔ ከፊልሙ ሁሉ የምታስደነግጠው ይህች ናት፤ ማንም ሳይነግረን ታልፋለች።

ትዝታ የሚያጠፋው የላኩና ድርጅት አሠራር ደረጃ በደረጃ ተነግሮናል። ደንበኛው ሰውየውን የሚያስታውሰውን ዕቃ ሁሉ፣ ስጦታውንም ፎቶውንም፣ በከረጢት ይዞ ይመጣል። ለምን ማስጠፋት እንደፈለገ በቴፕ ይቀረጻል። ከዚያ ዕቃው አንድ በአንድ ሲቀርብለት አእምሮው የሚያሳየው ምላሽ ይመዘገብና ካርታ ይሆናል። ማታ ክኒኑን ውጦ ይተኛል፤ ባለሙያዎቹ ቤቱ ድረስ መጥተው ከቅርቡ ትዝታ ጀምረው ወደ ሩቁ ይጠርጋሉ። ሐኪሙ ራሱ ነገሩ የአእምሮ ጉዳት መሆኑን ያምናል፤ አንድ ሌሊት አብዝቶ ከመጠጣት አይበልጥም ይላል እንጂ።

ችግሩ የሚመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው የመረረው ጊዜ ስለሆነ፣ ጆኤል ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ደስ የሚሉትን ቀኖች ያገኛል። ለምን እንደተጣሉ እየረሳ ለምን እንደወደዳት ያስታውሳል። «አቁሙልኝ» ብሎ መጮህ የጀመረውም ለዚህ ነው። ፊልሙን እንደ ፍቅር ውዳሴ የሚያዩት ሰዎች እዚህ ላይ እንዲጠነቀቁ እፈልጋለሁ፤ ያ ሁሉ ናፍቆት በከፊል የማሽኑ አደራደር ውጤት ነው።

ሳይንሱን በተመለከተ ባጭሩ፦ ትዝታ በካርታ ላይ እንደ ነጥብ ተለቅሞ አይወጣም። ግን በ2000 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ተመራማሪው ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ ድምፅን ከኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር አያይዘው መፍራት የለመዱ አይጦችን ወሰዱ። ድምፁን እንደገና አሰምተው ወዲያው ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ መድኃኒት ፍርሃትን በሚመለከተው የአንጎላቸው ክፍል፣ በአሚግዳላ፣ ውስጥ ሲወጉ ፍርሃቱ ከሰመ። የተነሳ ትዝታ ተመልሶ እስኪረጋ ድረስ ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው። ዕቃውን አሳይቶ ትዝታውን መቀስቀስ የሚለው የፊልሙ ሐሳብ እንግዲህ ከአየር የተያዘ አይደለም።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ ስለ ክሌመንታይን ነው። «ዝምተኛ ወንድን ልታነቃ የተፈጠረች ሴት» ብለው የሚነቅፏት አሉ። ነቀፌታው ፍሬ አለው፤ በአብዛኛው የምናያት በጆኤል ጭንቅላት ውስጥ ነውና፣ የምትናገረውም እሱ የሚያስታውሰውን ነው። ነገር ግን የስክሪፕቱ ጸሐፊ ቻርሊ ካውፍማን ይህን ቀድሞ አይቶታል። ወንዶች እንደ አዳኛቸው እንደሚያዩዋት፣ እሷ ግን የራሷን ሰላም የምትፈልግ ሴት ብቻ እንደሆነች በአፏ ያናግራታል። ጆኤል ሰምቶም አልሰማም።

ዳይሬክተሩ ሚሼል ጎንድሪ ካሜራው ፊት በእጅ የሠራቸውን ዘዴዎች ግን የሚነቅፍ ሰው አላገኘሁም። ጆኤል ሕፃን ሆኖ ጠረጴዛ ሥር ሲደበቅ እሱን የሚጫወተው ጂም ካሪ ያነሰው በኮምፒውተር አይደለም። ወጥ ቤቱ የተሠራው ልኩ እየተዛባ ነው፤ እሱ ራቅ ብሎ ግዙፍ በተደረገው በኩል ስለሚቀመጥ ያንሳል። ጆኤል በሐኪሙ ክፍል ውስጥ ራሱን ሲያይም ተዋናዩ ከካሜራው ኋላ እየሮጠ፣ ልብስ እየቀየረ፣ በሌላ በኩል ብቅ ይላል።

ወደ «እሺ»ዋ ልመለስ። «ዳግመኛ ይለያያሉ» የሚሉት ወገኖች ጠንካራው ማስረጃቸው የላኩና ሠራተኛዋ ሜሪ ናት። ከባለትዳሩ ሐኪም ጋር የነበራትን ፍቅር አስጠፍታ፣ እዚያው ቢሮ እየሠራች፣ እንደገና ወደደችው። የእኛ ሰው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል፤ እዚህ ቤት ግን የተወጋውም ይረሳል፣ ረስቶም ወደዚያው ጦር ይመለሳል። ካውፍማን ቀደም ብሎ በጻፈው ረቂቅ ክሌመንታይን አርጅታም ጆኤልን ለማስጠፋት ትመላለስ ነበር። ያ መጨረሻ በፊልሙ አልገባም።

እኔ ግን ከሌላው ወገን ነኝ፤ ያቆመችኝም ያችው ሜሪ ናት። ሜሪ ስህተቷን ስትደግመው፣ እየደገመችው መሆኑን አታውቅም ነበር። እውነቱን ስትሰማ የደንበኞቹን ፋይልና ቴፕ ሁሉ ለየባለቤቱ በፖስታ ላከች። ስለዚህ ጆኤልና ክሌመንታይን ኮሪደሩ ላይ ሲቆሙ እሷ «አሰልቺ ነው» ያለችውን ሰምቷል፤ እሱም «ያልተማረች ናት» ያላትን ሰምታለች። እንደምትሰለቸው ራሷ ትነግረዋለች። «እሺ» የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚያስከፍለውን ዋጋ አስቀድማ የሰማች «እሺ» ናት።

በመጨረሻ በረዶ በለበሰው ዳርቻ ሲሮጡ የሚታዩበት ቀረጻ ተደጋግሞ መታየቱን ያስተዋላችሁ እጃችሁን አውጡ። መደጋገሙ የእኔን ክርክር ያፈርሰዋል የምትሉ ካላችሁ፣ ማይክሮፎኑ ከእናንተ ይጀምራል።