ውርጩ ሳይቀድመን (በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ልጆችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንኳን ለመስቀል በሰላም አደረሳችሁ።

በቀጥታ ወደ ወቀሳው ልግባ። እዚህ አሜሪካ፣ ግንቦት ላይ ሜሪላንድም ያለን ቨርጂኒያም ያለን ሁላችን ገበሬ ነን። በቃሪያ ችግኝ እንሻማለን፣ የበሶብላ ዘር እንለማመናለን። መስከረም ሲጠባ ግን ጓሮው የአንድ ሰው ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የእማማ። ዘንድሮ ይሄ ይቅር ብዬ ነው የቆምኩት።

በኛ አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙውን ጊዜ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ይመጣል። የኛው ጥቅምት ማለት ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሰው ነው፤ እዚህ ጓሮውንም ይበርደዋል።

በሶብላ 32 ዲግሪ ፋራናይት እስኪደርስ አይጠብቅም። ወደ 40 ሲወርድ ገና ቅጠሉ መጥቆር ይጀምራል። ስለዚህ ቀድሞ ከነአበባው ይቆረጥና ጥላ ውስጥ ይሰቀል፤ ለሽሮና ለበርበሬ ይሆናል። ፖት ውስጥ ያለ ጌሾና ኮሰረት ቤት ይግባ። ሚጥሚጣም አሳጥረው ከርክመው ቢያስገቡት ለከርሞ ይደርሳል። ጤና አዳም ብርድ ይችላል፣ ውጭ ይደር። ፍሬውን የሚለቅሙ ልጆች ግን ጓንት ያድርጉ። ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል።

ጎመኑን አደራ እንዳትነቅሉ። ብርድ ሲመታው ስኳር ያጠራቅምና ከበጋው ይልቅ ይጣፍጣል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ደግሞ ጎመን ፍለጋ ሱቅ አትሄዱም። የውሃ ጎማውን መፍታትና የውጭውን ቧንቧ ከውስጥ መዝጋት አትርሱ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን አብጦ ቧንቧ ይሰነጥቃል።

አሁን ወደ ልጆቹ። እኛ ለልጅ የምንሰጠው ሥራ አንድ ነው፤ ቅጠል መጥረግ። ልጁ በከረጢት ሞልቶ መንገድ ዳር ያወጣል፣ መኪና መጥቶ ይወስዳል። ሚያዝያ ላይ እኛው ሄደን በገንዘባችን ማልች (መደብ ላይ የሚለበስ ሽፋን) እንገዛለን! ቅጠሉን በሳር ማጨጃው አድቅቁትና መደቡ ላይ አልብሱት። ልጁም የለፋበትን ነገር እዚያው ያየዋል።

ከዚያ አንዱን መደብ ሙሉ በሙሉ ለልጆቹ ስጧቸው። ነጭ ሽንኩርት ይትከሉበት። ጊዜው አሁን ነው፣ መሬቱ ሳይጠጥር። ራሱን ፈልቅቀው ሳይልጡ፣ የእያንዳንዱን ፍሬ ሹል ጫፍ ወደ ላይ አድርገው፣ 2 ኢንች ያህል ያስገቡት። በመሃል 6 ኢንች ይተዉ። ከላይ ያንኑ ቅጠል ያልብሱ። ነጭ ሽንኩርት ብርድ ካላገኘ በደንብ አይከፋፈልም፣ አንድ ድቡልቡል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይሄ ዊንተር ብለን የምንረግመው ነገር ለሱ ያስፈልገዋል። ሰኔ ላይ ይነቀላል።

ወላጆችን አንድ ነገር ልለምን። ልጁ ገልብጦ ቢተክለውም ይበቅላል፤ የሽንኩርቱ ራስ ትንሽ ጠማማ ይሆናል እንጂ። ከኋላው እየተከተልን እየነቀልን አናስተካክል። «ተው እንዲህ አይደለም፣ አምጣው» ያልነው ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከስልኩ አይነሳም። እውነቱን ለመናገር ልክ ነው።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለዘር የተለየ ነጭ ሽንኩርት አስቀምጠናል። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው አንዳንዱ እንዳይበቅል የታከመ ስለሆነ ከዚህኛው ውሰዱ። ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ራስ ነው። መርጦ የሚወስደው ልጅ ብቻ ነው። ልጅ ያልያዘ የጎረቤቱን ይዋስ። ቡናው እስኪደርስ የገንዘብ ያዣችንን ሪፖርት እናዳምጣለን። ስብሰባው ተከፍቷል።